ያልታቀፈ ልጅ፦ መገለልና ተዘግቶ መኖር በሥርዓተ ነርቭ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት



የየቲም ጉዳይ በሚነሣበት ስብሰባ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የቀለቡ፣ የልብሱና የትምህርት ቤት ክፍያው ነገር ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ ምክር አይገባውም። በዛሬው ትምህርታችን ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውንና ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈውን ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም አንድ ሕፃን ጠግቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ በንጹሕ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የሚያቅፈውና የሚያነጋግረው ሰው በማጣቱ ብቻ አንጎሉና ሥርዓተ ነርቩ ሊጎዳ ይችላልን? የሚለው ነው። የሕክምና ሊቃውንት ለሰማንያ ዓመታት ገደማ ያካሄዱት ምርምር «አዎን» ሲል ይመልሳል። ጉዳቱም በመሣሪያ የሚለካ ነው እንጂ በግምት የሚነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሰው በገዛ ፈቃዱ ለዒባዳ ከሰው ተለይቶ መቀመጡ የምንናገርለት መገለል አይደለም። በረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ኢዕቲካፍ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ያውቃል፤ በመስጊዱ ከጀማዓው ጋር ይሰግዳል፤ ቤተሰቡም ማፍጠሪያ ይዞለት ይመጣል። እኛ የምንናገረው ሳይመርጥ፣ መጨረሻውንም ሳያውቅ፣ የሚነካውና የሚመልስለት ሰው አጥቶ ስለሚኖር ሰው ነው፤ በተለይም ገና አፉን ስላልፈታ ሕፃን።

ሬኔ ስፒትዝ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጥናት ሕፃናት የሚያድጉባቸውን ሁለት ቦታዎች አነጻጸረ። አንደኛው በሴቶች ወህኒ ቤት ውስጥ የሚገኝ ማቆያ ሲሆን፣ በዚያ ታሳሪዎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው ያሳድጉ ነበር። ሁለተኛው ወላጅ አልባ ለሆኑና ለተተዉ ሕፃናት የተቋቋመ ማሳደጊያ ነበር። የማሳደጊያው ንጽሕና የተጠበቀ፣ ምግቡም በቂ ነበር፤ ሐኪምም አልጎደለውም። የጎደለው ሰው ነበር። ጥቂት ሞግዚቶች ብዙ ሕፃናትን ስለሚጠብቁ ጡጦ ከማቅረብና ልብስ ከመለወጥ ያለፈ ጊዜ አልነበራቸውም። በአልጋዎቹ ጎንና ጎን አንሶላ ይጋረድ ስለነበር፣ ሕፃናቱ ተነሥተው ለመቆም እስኪችሉ ድረስ ከጣሪያው በቀር የሚያዩት ነገር አልነበረም። ስፒትዝ ይህን ኑሮ ለብቻ ከመታሰር ጋር አመሳሰለው። ከወህኒ ቤቱ ሕፃናት በክትትሉ ጊዜ የሞተ አልነበረም። በንጹሑ ማሳደጊያ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሦስቱ ከአንድ የሚበልጡት ሞቱ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ በጊዜው መራመድም መናገርም አልቻሉም።

የስፒትዝ የአጠናን ዘዴ ከጊዜ በኋላ ተተችቷል፤ የሁለቱ ቦታ ሕፃናት በሁሉ ነገር የሚመሳሰሉ አልነበሩምና። ስለዚህ በእርሱ ማስረጃ ላይ ብቻ አንቆምም። ይሁን እንጂ እናቱ አጠገቡ ያለች የወህኒ ቤት ሕፃን፣ በሰፊና በንጹሕ ሕንጻ ብቻውን ከተኛው ሕፃን ተሽሎ መገኘቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

የነርቭ አሠራር

ሕፃን ሲወለድ የአንጎሉ መጠን ከአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ ሦስት አራተኛ ይደርሳል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው እጅግ ብዙ መገናኛዎችን ይዘረጋሉ። አንጎል ግን የተዘረጋውን መገናኛ ሁሉ ይዞ አይቀጥልም። ዘወትር የሚሠራበትን ያጸናል፤ ያልተሠራበትን ያስወግዳል። ታዲያ መገናኛውን የሚያሠራው ምንድን ነው? የእናት ሥራ ነው። ሕፃኑ ፈገግ ሲል ፈገግ ትልለታለች፤ «አጉ» ሲል «አጉ» ብላ ትመልስለታለች፤ ሲያለቅስ አንሥታ እሹሩሩ ትለዋለች። እናቶቻችን ሕፃኑን በአንቀልባ አዝለው ቡና ሲቆሉ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ከጎረቤት ጋር ሲጨዋወቱ፣ ሕፃኑ የሰውነታቸውን ሙቀት፣ የእርምጃቸውን ምት፣ የድምፃቸውን ከፍታና ዝቅታ ይቀበላል። ይህን ማንም ትምህርት ብሎ አይጠራውም። ሆኖም ቋንቋን፣ ሚዛንን፣ የሰው ፊት ማንበብንና ራስን ማረጋጋትን የሚማረው በዚሁ ነው። ጣሪያ ግን ፈገግ ቢሉለት አይመልስም።

ሁለተኛው የጉዳት መንገድ በሆርሞን በኩል የሚመጣ ነው። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመከላከል ይዘጋጃል። ይህ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ጠቃሚ ነው። ሕፃን ግን ራሱን በራሱ ማረጋጋት ስለማይችል፣ ጭንቀቱን የሚያበርድለት ያቀፈው ሰው ነው። የሚያቅፍ ከሌለ ጭንቀቱ ይረዝማል። የረዘመ ጭንቀትም ሂፖካምፐስ የተባለውንና ለማስታወስ የሚያገለግለውን የአንጎል ክፍል ይጎዳል፤ ፍርሃትን የሚቀሰቅሰውን አሚግዳላን ያውካል። በረጅም ጊዜ መገለል ውስጥ ያደጉ ልጆች አንዳንዴ ከልክ በላይ ደንጋጮች ይሆናሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው ሰውነታቸው ለአስጨናቂ ነገር መስጠት የሚገባውን ምላሽ ሳይሰጥ ይቀራል። ሁለቱም የጤና ምልክት አይደሉም።

የሮማንያ ልጆች

ይህን ሁሉ በሰፊው ያሳየው የሮማንያ ታሪክ ነው። የአገሪቱ መሪ የነበረው ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት እ.ኤ.አ. በ1966 ጽንስ ማስወረድን የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ቤተሰቦች በድህነት ውስጥ ሆነው ማሳደግ የማይችሏቸውን ልጆች ወለዱ። መንግሥትም «ልጁን ከእናንተ ይልቅ መንግሥት ያሳድገዋል» የሚለውን አሳብ አስፋፋ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 በወደቀ ጊዜ ከ100,000 በላይ ልጆች በማሳደጊያዎች ውስጥ ተገኙ። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፦ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ነበሩ። ወደ ማሳደጊያ ያስገባቸው ሞት ሳይሆን ድህነት ነው።

ወደ እነዚያ ክፍሎች የገቡ ሰዎች ከሁሉ በፊት ያስተዋሉት ጸጥታውን ነበር። በርካታ ሕፃናት በተደረደሩበት ክፍል ልቅሶ አይሰማም። ሕፃን የሚያለቅሰው የሚመጣለት ሰው ሲኖር ነው፤ ለብዙ ወራት አልቅሶ ማንም ካልመጣለት ማልቀሱን ይተዋል። ከፍ ያሉት ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዙ፣ ወይም እጃቸውን ፊታቸው ላይ እያወዛወዙ ይቀመጡ ነበር። አንጎል ከውጭ የሚገባለት ነገር ሲያጣ ሰውነት ራሱ እንቅስቃሴ ይፈጥርለታል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ ተመራማሪዎች በቡካሬስት ከተማ ጥናት ጀመሩ። ከስድስት ማሳደጊያዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆኑ 136 ልጆችን መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። 68ቱ ለዚሁ ሥራ ወደተዘጋጁ የአደራ ቤተሰቦች ሄዱ፤ 68ቱ በተለመደው አያያዝ ቀጠሉ። በዕጣ መለየቱ በሊቃውንቱ መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እኛም ስናነበው ልባችን ቅር ብሎታል። ተመራማሪዎቹ በከተማው የአደራ ቤተሰብ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የሌለ ያህል እንደነበረና፣ በማሳደጊያ የቀረ ልጅ በሌላ መንገድ ቤተሰብ ቢያገኝ እንዳልከለከሉ ይናገራሉ። ፍርዱን ለአንባቢ ትተን ወደ ውጤቱ እንለፍ።

ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው የአእምሮ ችሎታቸው ተለካ። በማሳደጊያ ከቀሩት መካከል አማካይ ውጤቱ 73፣ ወደ አደራ ቤተሰብ ከሄዱት 81፣ ከወላጆቻቸው ጋር ካደጉት የከተማው ልጆች ደግሞ 109 ሆነ። ከአደራ ቤተሰብ ልጆች መካከልም በለጋ ዕድሜ የሄዱት የተሻለ ውጤት አገኙ። በጭንቅላት ቆዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ መለኪያ ተደርጎ ሲታይ፣ በማሳደጊያ የቀሩት ልጆች የአንጎል ሞገድ የደከመ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ግን ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ሞገዳቸው ከቤታቸው ያልወጡትን ልጆች መሰለ። የአንጎል ምስል ሲነሣም፣ የነርቭ መስመሮች የሚገኙበት ነጩ የአንጎል ክፍል በአደራ ቤተሰብ ባደጉት ላይ አገግሞ ታየ፤ ግራጫው ክፍል ግን በሁለቱም ወገን ቀንሶ ቀረ። እንግዲህ አንዳንዱ ጉዳት የሚጠገን፣ አንዳንዱም የማይመለስ ነው። የሚለያቸውም በአብዛኛው ጊዜ ነው። ሮማንያም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው በቀር፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ማሳደጊያ ማስገባትን ከለከለች።

በእንግሊዝም ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ ከሮማንያ ተወስደው በእንግሊዝ ቤተሰቦች ያደጉ ልጆችን እስከ ጎልማሳነት ተከታተሉ። በማሳደጊያ ከስድስት ወር በታች የቆዩት እንደማንኛውም ልጅ አደጉ። ከስድስት ወር በላይ የቆዩት ብዙዎቹ ትኩረት የማጣትና ከሰው ጋር የመግባባት ችግር አብሯቸው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የአንጎል ምስል ጥናት የእነዚህ ሰዎች አንጎል ከሌሎቹ በ8.6 በመቶ አንሶ ተገኘ፤ በማሳደጊያ ያሳለፉት ወር በጨመረ ቁጥርም ጉድለቱ ይጨምር ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሃያ ዓመት በላይ በመልካም ቤት በፍቅር የኖሩ መሆናቸውን አንርሳ።

አዋቂም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በአንታርክቲካ በረዶ ላይ በሚገኝ የጀርመን የምርምር ጣቢያ 14 ወር ያሳለፉ ዘጠኝ ጤነኛ ሰዎች ሲመረመሩ፣ ከሂፖካምፐስ አንዱ ክፍል በመጠን ቀንሶ ተገኝቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም በሚጠራው ደንብ፣ እሥረኛን በተከታታይ ከ15 ቀናት በላይ ለብቻው መዝጋትን ከልክሏል። ለወንጀለኛ ከ15 ቀናት በላይ ያልተፈቀደው ነገር ለሕፃን ለዓመታት እንዳይሆን መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

ጎብኚን የሚያታልል ምልክት

ሰደቃ የሚሰጡ ወንድሞችና እህቶች ማሳደጊያ ጎብኝተው ሲመለሱ፣ «ልጆቹ እንዴት ደስተኞች ናቸው! ገና ስንገባ ሮጠው አቀፉን፤ ስንወጣም አንለቅም አሉን» ይላሉ። ይህን በቅን ልብ ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ሦስትና አራት ዓመት የሆነው፣ ቤተሰብ ያለው ልጅ ከማያውቀው ሰው ፊት ምን ያደርጋል? በእናቱ ወይም በአያቱ ቀሚስ ይሸሸጋል፤ አጮልቆ ያያል፤ ቆይቶ ሲላመድ ይቀርባል። የማያውቀውን ሰው ሁሉ እኩል የሚያቅፍ፣ ከማንም ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ለመሄድ የማያመነታ ልጅ፣ «የእኔ» የሚለው አንድ ሰው ያላገኘ ሊሆን ይችላል። በሮማንያ ልጆች ላይ የተደረጉት ሁለቱም ጥናቶች ይህን ጠባይ መዝግበውታል፤ በእንግሊዝ ባደጉት ላይ እስከ ጎልማሳነት ከዘለቁት ምልክቶችም አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ለክፉ ሰውም የተጋለጠ መሆኑን መናገር አያሻም። ስለዚህ የየወሩ ጎብኚ መብዛት፣ ከረሜላና ፎቶግራፍ ይዞ መጥቶ ዳግም አለመታየት፣ ልጁን ይጠቅመዋል ብለን አናምንም። አንድ ሰው ለሃያ ልጆች አንድ አንድ ቀን ከሚሰጥ፣ ለአንድ ልጅ ሃያ ቀን ቢሰጥ ይሻላል።

መገለል የሚገኘው በማሳደጊያ ብቻ እንዳይመስለን። በማስተማር ሥራ ባሳለፍናቸው ዓመታት፣ በዘመድ ቤት እየኖሩ ከማሳደጊያ ልጅ ያልተሻሉ የቲሞችን አይተናል። ከገጠር መጥታ በአክስቷ ቤት ሥራ የምትውል፣ ትምህርት ቤት ያልገባች፣ የሚያናግራት ሰው «አምጪ፣ ውሰጂ» ከማለት የማያልፍ ልጅ አለች። አካል ጉዳተኛ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት በመሆኑ፣ እንግዳ እንዳያየው ጓዳ የሚዘጋበት ልጅም አለ። እነዚህ ልጆች ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም፤ ዓይናቸውን ይሰብራሉ፤ ትናንት የተማሩት ዛሬ ይጠፋባቸዋል። መምህር «ሰነፍ» ብሎ ከመምታቱ በፊት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከማን ጋር እንደሚውል ቢጠይቅ መልካም ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቲም ሆነው ማደጋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሲወለዱ አባታቸው በሕይወት አልነበሩም። ሐሊማ በበኒ ሰዕድ ዘንድ አጠባቻቸው፤ ወደ እናታቸው ተመለሱ፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸው ሲሞቱ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ወሰዷቸው፤ በስምንት ዓመታቸው አያታቸው ሲያርፉ ወደ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ቤት ገቡ። ሐዘኑ ተደራርቦባቸዋል፤ ነገር ግን ከአንድ ጉያ ወደ ሌላ ጉያ ተሻገሩ እንጂ በመካከል ያለ ሰው የቀሩበት ጊዜ አልነበረም። የየቲምን ራስ ስለመዳበስ የተላለፈው ነቢያዊ ምክርም ለብዙዎቻችን እንደ መልካም ስሜት መግለጫ ብቻ ይታየን ነበር። የሥርዓተ ነርቭን ነገር ላነበበ ግን መዳበስ ራሱ ቀለብ ነው።

እዚህ ላይ ለጋሾች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ገንዘባችንን አሰባስበን አርባ ወይም ሃምሳ አልጋ ያለው ሕንጻ ብናሠራ አይሻልምን? ሥራው ይታያል፤ ሰደቃውም ጃሪያ ይሆናል» ይላሉ። አሳቡን አናጣጥለውም። ማንም ዘመድ የሌለው፣ ወይም በዘመዱ ቤት የሚደበደብ ልጅ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሕንጻ በተሠራ ጊዜ አልጋው መሙላቱ አይቀርም፤ የሚሞላውም ብዙ ጊዜ አያት ወይም አክስት እያለው ድህነት ባስወጣው ልጅ ነው። የሮማንያ ነገር ይኸው ነበር። ለሕንጻው፣ ለዘበኛውና ለወጥ ቤቱ የሚወጣው ገንዘብ በየወሩ በአያቲቱ እጅ ቢገባ፣ ልጁ በለመደው ቤት፣ በለመደው ድምፅ መካከል ይቀራል። ሸሪዓችንም የየቲሙ ዘርና ስም ሳይለወጥ፣ የአባቱ ውርስ ተጠብቆለት በሰው ቤት እንዲያድግ መንገዱን ከፍቷል፤ በአገራችንም ጉዲፈቻን የመሰለ ከመንግሥት ሕግ የቀደመ ልማድ አለ። በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን ካቆመች ወዲህ፣ የአገር ውስጥ ቤተሰብ ሸክሙን መሸከም እንዲችል ማገዙ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ማሳደጊያ ግድ በሚሆንበት ቦታስ? ሞግዚቷ እንዳትለዋወጥ ደመወዟ ይሻሻል። አንዲት ሞግዚት ለጥቂት ልጆች ብቻ ትመደብ፤ እነዚያ ልጆችም ሁልጊዜ የእርሷ ይሁኑ። ሕፃኑ ጡጦ በአልጋው ላይ ተደግፎለት ሳይሆን ታቅፎ ይመገብ። ለአዲስ ምንጣፍ ከሚወጣው ገንዘብ ለሁለተኛ ሞግዚት የሚወጣው ይቀድማል።

«ልጁ ወደ እኛ የመጣው ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነው፤ እንግዲህ ጊዜው አልፎ የለምን?» የሚሉም አሉ። አላለፈም። በእንግሊዝ ከተጠኑት፣ ከስድስት ወር በላይ በማሳደጊያ ከቆዩት ልጆች አምስት አንድ ያህሉ በማናቸውም ዕድሜ ችግር ሳይታይባቸው አድገዋል፤ በልጅነታቸው በአእምሮ ችሎታ ወደ ኋላ የቀሩትም በጎልማሳነታቸው አብዛኞቹ እኩዮቻቸውን ደርሰዋል። የቡካሬስቱ ጥናት ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሳይዘዋወሩ የቆዩት ልጆች ከተዘዋወሩት ይልቅ እንደተሻሉ አሳይቷል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣን ልጅ የወሰደ ቤተሰብ፣ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢዋሽ፣ ምግብ ቢደብቅ ወይም ሲያቅፉት ቢደርቅ፣ ተስፋ ቆርጦ አይመልሰው። ከቤት ቤት መዞሩ ሌላ ጉዳት ይጨምርበታል። አሳዳጊዋ አያት ብትታመምም፣ ድጎማው ልጁን ተከትሎ ወደሚያውቃት ጎረቤት ወይም አክስት እንዲተላለፍ ከወዲሁ መነጋገር ይቻላል።

የቤት ለቤት ጎብኚዎቻችን በሚሞሉት ቅጽ ላይ የምግብ፣ የልብስና የትምህርት መጠይቆች አሉ። ከእነዚህ ሥር ሁለት ጥያቄዎች እንዲጨመሩ እንጠይቃለን፦ ልጁ ሌሊት ሲባንን የሚነሣለት ማን ነው? ትናንትናስ ከእርሱ ጋር ተቀምጦ የተጨዋወተ ሰው ማን ነበር? መልሱ በስም ይጻፍ፤ «ሁላችንም» የሚል መልስ ከመጣ ጎብኚው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይሂድ።